ፍሊት ከመርጨታችን በፊት፦ የዱር ንቦች አንጀት ውስጥ ስላሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች

የአምስት ኪሎ ልጅ | እሁድ፣ ከሰዓት 9፡20

ሰላም የመድረኩ ቤተሰቦች።

የምኖረው አምስት ኪሎ አካባቢ ነው። ግቢያችን ውስጥ ያለ አሮጌ የድንጋይ ቤት ግድግዳ ውስጥ የንብ መንጋ ገብቶ ሰፍሯል። ማንም አላመጣቸውም፣ ማንም አያረባቸውም። የግቢው ኮሚቴ "ፍሊት ይነፋባቸውና እንገላገል" ባይ ነው። እኔ ተቃውሜያለሁ። "ያሳዝናሉ" ብቻ ብል ማንም እንደማይሰማኝ ስለማውቅ፣ በቂ ምክንያት ይዤ ለመቅረብ ማንበብ ያዝኩ።

ያገኘሁት ነገር ግን ከግቢያችን ጉዳይ አልፎ ሄደ። አንዲት ጎልማሳ ሠራተኛ ንብ አንጀቷ ውስጥ 1 ቢሊዮን የሚደርስ ባክቴሪያ ትይዛለች። ይሄ ዝም ብሎ የተጠራቀመ ቆሻሻ አይደለም። አብዛኛው ከአሥር ከማይበልጡ ወገኖች የመጣ ነው። አውሮፓ ያለች የማር ንብም ሆነች አሜሪካ ያለች፣ ሆዷ ቢታይ በብዛት የሚገኙት እነዚያው ናቸው። ምግብ ያብላላሉ፣ ከበሽታ ይከላከላሉ። አንብቤ ስጨርስ ያንን ግድግዳ የማየው በሌላ ዓይን ሆኗል።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። ሰው የማይንከባከበው የዱር ንብ እነዚህን ባክቴሪያዎች ከየት ያገኛል? መንጋው ቢገደልስ ምን ይሆናሉ? ደግሞ አንዲት ጎረቤቴ "ስኳር ውሃ ውስጥ እርጎ ጠብ አድርጊና አስቀምጪላቸው፣ ይጠነክራሉ" ብላኛለች። እውነት ነው?

---

መምህር ዘአራት ኪሎ | እሁድ፣ ማታ 1፡05

እህቴ፣ ጥያቄሽ ደስ ብሎኛል። ባዮሎጂ አስተምራለሁና በደንብ ልመልስልሽ። ረዘም ቢል ታገሺኝ።

ንብ ከእጭ ወደ ሙሽሬ፣ ከሙሽሬ ወደ ሙሉ ንብ ስትለወጥ የአንጀቷን ሽፋን ትጥላለች። ስለዚህ ክዳኑን ቀድዳ ከሰፈፉ ስትወጣ አንጀቷ ከባክቴሪያ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። የሚሞላው ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ነው። ከማን ታገኛለች? ከታላላቆቿ። ሰፈፉ ላይ ስትመላለስ፣ ከእነሱ ጋር ስትነካካ፣ በተለይም ከኩሳቸው። ኩስ መባሉ አያስጸይፋችሁ፤ ዋናው መተላለፊያ እሱ ነው። ሳምንት ሳይሞላት ሙሉ ማኅበሩ ሆዷ ውስጥ ይሰፍራል።

እናቴ ሊጥ ስታቦካ ካለፈው ቡኮ ያስቀረችውን እርሾ ትጨምርበታለች። የንቦቹም ነገር እንደዚያ ነው። አሮጌው ለአዲሱ ያቀብላል፣ አዲሱ ደግሞ ለሚቀጥለው። ይሄ ቅብብል ደግሞ የትናንት አይደለም። የማር ንብ፣ የባምብልቢ (ትልቅና ጸጉራም የንብ ዓይነት) እና መናደፊያ የሌላቸው ንቦች የጋራ ቅድመ አያት ዋና ዋናዎቹን ባክቴሪያዎች የያዘችው ከዛሬ 80 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንደሆነ ተመራማሪዎች ይገምታሉ።

አሁን ሥራቸውን ልንገርሽ። ከሁሉም በላይ የተጠኑት ሁለት ናቸው፤ ስኖድግራሴላና ጊሊያሜላ። በላቦራቶሪ አሳድገው ስም ያወጡላቸው ተመራማሪዎቹ ዋልዳን ክዎንግና ናንሲ ሞራን ናቸው። ስኖድግራሴላ የአንጀቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይኖራል፤ እዚያ የሚደርሰውን ኦክስጅን ይጠቀምበታል። በዚህም የተነሳ መሀሉ ኦክስጅን አልባ ሆኖ ለሌሎቹ ይመቻል። ጊሊያሜላ እሱ ላይ ተደርቦ ይቀመጣል። የአበባ ዱቄት ቅርፊት ጠንካራ ነው፤ ንቧ ብቻዋን በቀላሉ አትፈጨውም። ጊሊያሜላ ውስጡ ያለውን ፔክቲን የሚባል ማያያዣ ነገር ይሰባብርላታል። ማኖስ የሚባል ስኳር አለ፤ ለንብ መርዝ ነው። አንዳንድ የጊሊያሜላ ዝርያዎች እሱንም ይበሉታል። ወደ አንጀቱ መጨረሻ ስትሄጂ ላክቶባሲለስና ቢፊዶባክቴሪየም የተረፈውን ያብላላሉ። ከዚህ ሁሉ የሚወጣው አሲድ ለንቧ ተጨማሪ ምግብ ይሆናል።

እርጎውን ግን እባክሽ ተዪው። የንብ ባክቴሪያ ቤቱን ይመርጣል። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ሙከራ እንዳሳየው ከማር ንብ የተወሰደ ስኖድግራሴላ ባምብልቢ ሆድ ውስጥ በወጉ አልሰፈረም፤ ከባምብልቢ የተወሰደውም የማር ንብ ሆድ ውስጥ እንዲሁ። በንብና በንብ መሀል እንዲህ ከሆነ ከላም ወተት የመጣው እንዴት ይሆናል? ሜዳ ላይ የተቀመጠ ስኳር ውሃ ደግሞ የተለያየ መንጋ ንቦችን አንድ ላይ ሰብስቦ ያጣላል፣ በሽታም ያዛምታል።

---

ዳዊት ካዛንቺስ | እሁድ፣ ማታ 2፡40

መምህር፣ ትምህርቱ ጥሩ ነው፣ አመሰግናለሁ። እኔ ግን ከሌላ በኩል ልናገር። ልጄን ንብ ነድፏት ፊቷ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯት ሆስፒታል አድረናል። ሕፃናት የሚሮጡበት ግቢ ግድግዳ ውስጥ መንጋ ተቀምጦ ስለ አንጀት ባክቴሪያ መወያየት ለእኔ ይከብደኛል። ኮሚቴው ልክ ነው። መነሳት አለባቸው።

---

ነርስ ህይወት | እሁድ፣ ማታ 3፡10

ዳዊት፣ እግዚአብሔር ይማርልህ። ስጋትህ ትክክል ነው። የንብ አለርጂ ያለበት ሰው አንድ ንድፊያም ይበቃዋል። የትንፋሽ ማጠር፣ የከንፈርና የምላስ ማበጥ፣ ራስ መሳት ከመጣ ቤት ተቀምጦ የሚታይ ነገር አይደለም፤ ቶሎ ወደ ሆስፒታል ነው።

ግን "መነሳት አለባቸው" እና "መገደል አለባቸው" አንድ አይደሉም። መንጋ በሕይወት የሚያነሱ ሰዎች አሉ። እዚህ መድረክ ላይ ንብ አናቢ የለም?

---

ጋሽ ቀፎ | ሰኞ፣ ጠዋት 12፡50

አለሁ ልጄ። ሆለታ በኩል ነው ያለሁት፣ ንብ ሳረባ ነው የሸበትኩት። አዲስ አበባ ውስጥም ከጣሪያና ከግድግዳ መንጋ አንስቻለሁ።

በመጀመሪያ ለዳዊት። ልጄ፣ ልጅህ ስለዳነች ደስ ብሎኛል። አለርጂ ያለበት ልጅ ባለበት ግቢ መንጋው መቆየት የለበትም፤ በዚህ ከአንተ ጋር ነኝ። መርዙን ግን እቃወማለሁ። ለንቧ ብቻ ብዬ አይደለም፣ ለእናንተም ብዬ ነው። ግድግዳ ውስጥ መርዝ ስትነፉ ንቡ ይሞታል፤ ማሩ፣ ሰሙና እጩ ግን እዚያው ይቀራል። የሚያቀዘቅዘው ንብ ሲጠፋ ሰሙ ይለሰልሳል፣ ማሩ በግድግዳው ይወርዳል፣ እጩ ይሸታል፣ ጉንዳን ይወርረዋል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ፣ የሌላ ሰፈር ንብ ማሩን ሊዘርፍ ይመጣና መርዙን ይዞ ቤቱ ይገባል። አንዱን ገደልኩ ስትል ሌላውን ትጨምራለህ።

ስለ ዱር ንብም አንድ ነገር ልጨምር። እኛ አገር ቀፎ ውስጥ ያለችውና ግድግዳ ውስጥ ያለችው አንድ ናት። እኛ ቀፎውን በወይራ ጭስ አጥነን ዛፍ ላይ እንሰቅላለን፤ መንጋው ራሱ መጥቶ ይገባል። ከዱር ነው የምንቀበላት። ሲከፋት ጥላን ወደ ዱር ትመለሳለች። የግድግዳው መንጋ ሲጠፋ የነገው ቀፎ ነው የጠፋው።

---

መምህር ዘአራት ኪሎ | ሰኞ፣ ቀትር 6፡15

ጋሼ የተናገሩት ነገር ከባክቴሪያው ጉዳይ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። መንጋ ሲወጣ አሮጌዋ ንግሥት ብቻዋን አትሄድም፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች አብረዋት ይወጣሉ። እነዚያ ሠራተኞች ባክቴሪያውን ሆዳቸው ውስጥ ይዘውት ነው የሚሄዱት። አዲሱ ቤት ገና ሰፈፍ ሳይሠራ ባክቴሪያው ደርሷል። የንግሥቷ አንጀት ደግሞ ከሠራተኞቹ የተለየ ማኅበር ነው ያለው፤ ስለዚህ ውርሱን የሚያሻግሩት በዋናነት ሠራተኞቹ ናቸው። አንድ መንጋ በመርዝ ሲያልቅ፣ በዚያ ቤት ከአሮጌ ወደ አዲስ ሲተላለፍ የኖረው የራሱ ቅልቅል አብሮ ያልቃል። ባክቴሪያው ከዓለም ጠፋ ማለቴ አይደለም። የዚያ ቤት ዘር ግን ተቆረጠ።

---

ጽጌ ፒያሳ | ሰኞ፣ ከሰዓት 10፡30

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ትንሽ ልወጣ። ፒያሳ ጊዮርጊስ አጠገብ በረንዳዬ ላይ ጽጌረዳ አለኝ። ቅጠሉን አንድ ነገር በመቀስ የተቆረጠ ይመስል ክብ ክብ እያደረገ ይወስደዋል። አንድ ቀን ቆሜ ሳይ ንብ የምትመስል ነገር ናት! ቁራጩን በእግሯ አቅፋ በረረች። እሷም የዱር ንብ ናት? ባክቴሪያስ አላት?

---

መምህር ዘአራት ኪሎ | ሰኞ፣ ማታ 1፡45

ከርዕሱ አልወጣሽም፣ እንዲያውም መሀሉ ገባሽ። ያየሻት ቅጠል ቆራጭ ንብ ናት። ጽጌረዳሽን አትገድለውም፤ ቅጠሉን የምትወስደው ለልጆቿ ክፍል ለመሥራት ነው።

በዓለም ላይ ከ20 ሺህ በላይ የንብ ዝርያ አለ። አብዛኞቹ እንደሷ ብቻቸውን የሚኖሩ ናቸው። ንግሥት የላቸውም፣ መንጋ የላቸውም፣ ማርም አያከማቹም። እናትየዋ ቀዳዳ ፈልጋ ክፍል ትሠራለች፤ የአበባ ዱቄትና ኔክታር (የአበባ ጣፋጭ ፈሳሽ) ለውሳ ታስቀምጣለች፣ እንቁላሏን ጥላ ትዘጋለች። ልጇ አድጋ ስትወጣ እናት ብዙውን ጊዜ በሕይወት የለችም። እንግዲህ ከታላቅ ወደ ታናሽ የሚባለው ቅብብል እዚህ የለም።

ታዲያ ከየት ታገኛለች? ከአበባ። በ2018 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ከዱር ንቦችና ከአበቦች ላይ ሦስት አዳዲስ የላክቶባሲለስ ዝርያዎች ተለይተው ስም ወጥቶላቸዋል። እነዚህ አበባ ላይም፣ ንቧ ሆድ ውስጥም፣ ለልጇ ባስቀመጠችው ምግብ ውስጥም ይገኛሉ። አበባው መገናኛቸው ነው። አንዷ ንብ ጥላው የሄደችውን ሌላዋ ታነሳዋለች።

በጣም የሚገርመኝ ግን የሚከተለው ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች የአንዲት ብቸኛ ንብ እጮችን ሁለት ዓይነት ምግብ ሰጧቸው። ለአንዳንዶቹ ረቂቅ ሕዋሳቱ እንዳሉ ያሉበትን የአበባ ዱቄት፣ ለሌሎቹ ረቂቅ ሕዋሳቱ የተገደሉበትን። የኋለኞቹ እድገታቸው ተጎዳ። እጯ የምትበላው ዱቄቱን ብቻ ሳይሆን ዱቄቱ ላይ የሚኖሩትንም ነው ማለት ነው። ስለዚህ ጽጌ፣ ንቧ እንድትኖር ከፈለግሽ አበባሽ ላይ የነፍሳት መድኃኒት አትርጪ።

---

የኬሚስትሪ ተማሪ | ሰኞ፣ ማታ 3፡00

መምህር፣ ኮስታ ሪካ ውስጥ ሥጋ የሚበሉ ንቦች እንዳሉ አንብቤያለሁ። እውነት ነው? ሆዳቸውስ እንዴት ይችለዋል?

---

መምህር ዘአራት ኪሎ | ሰኞ፣ ማታ 3፡25

እውነት ነው። መናደፊያ ከሌላቸው ወገን ናቸው፣ ጥምብ ይበላሉ። በ2021 እ.ኤ.አ. ሆዳቸው ሲመረመር አሲድ የሚወዱ ባክቴሪያዎች በብዛት ተገኝተዋል። አበባ ከሚበሉት ዘመዶቻቸው የተለየ ማለት ነው። ምግቡ ሲቀየር ማኅበሩም ተቀየረ።

---

ማስተዋል | ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡10

መናደፊያ የሌላት ስትሉ ጣዝማ ትዝ አለችኝ። አያቴ ለሳል የጣዝማ ማር ታስልሰን ነበር። ዛሬ ፒያሳ አካባቢ "ንጹሕ የጣዝማ" እየተባለ በትንሽ ብልቃጥ በውድ ይሸጣል። የጣዝማ ሆድም እንደ ማር ንብ ነው?

---

ጋሽ ቀፎ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡30

ባክቴሪያውን መምህር ይመልስልህ። እኔ ስለ ጣዝማ የማውቀውን ልንገርህ። መሬት ውስጥ ነው የምትኖረው። ማሯ ቀጭን፣ ወደ ኮምጣጣነት የሚያደላ ነው። ሰው የሚያወጣው መሬቱን ቆፍሮ ነው፤ ሲቆፈር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቤተሰቡ እንዳለ ይበተናል። አንድ ብልቃጥ ማር ስትገዛ የአንድ ቤት ፍርስራሽ ሊሆን ይችላል። ይሄ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

---

መምህር ዘአራት ኪሎ | ማክሰኞ፣ ቀትር 6፡40

መናደፊያ የሌላቸው ንቦች ከዝርያ ዝርያ ይለያያሉ። ስኖድግራሴላንና ጊሊያሜላን ጨርሰው ያጡ አሉ፣ ላክቶባሲለሶቹ ግን ብዙዎቹ ጋ ይገኛሉ። የጣዝማ ማር ባክቴሪያን የመግታት አቅሙ በአገራችን ተመራማሪዎች በላቦራቶሪ ታይቷል። በላቦራቶሪ ሳህን ላይ የሠራ ነገር ግን ሰው ላይ ሕክምና ሆነ ማለት አይደለም።

---

ነርስ ህይወት | ማክሰኞ፣ ቀትር 7፡05

ስለ ማር ከተነሳ አይቀር አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም፤ የጣዝማም ሆነ የሌላ። ማር ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ የመመረዝ በሽታ የሚያመጣው ባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል። ይሄ ከንቧ ጠቃሚ ባክቴሪያ ጋር አይገናኝም። ለትልቅ ሰው ችግር የለውም፤ የሕፃን አንጀት ግን ገና አልጠነከረምና እዚያ በቅሎ መርዝ ያመነጫል። ለሆድ ቁርጠት እያሉ በጣት የሚያስልሱ እናቶች አሁንም ያጋጥሙኛል። እባካችሁ ለምታውቋቸው ንገሩ።

---

የአምስት ኪሎ ልጅ | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡00

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ኮሚቴው ፊት ቀርቤ የጋሼን ሐሳብ አነበብኩላቸው። የማሩ በግድግዳ መውረድና የጉንዳኑ ነገር ከሁሉም በላይ ሠርቷል። ንብ አናቢ እስኪመጣ እንጠብቅ ብለዋል።

ሌላ ነገር ግን ተነሳ። አትክልተኛው በአጥሩ ጥግ ላይ አረም ማጥፊያ ይረጫል። "እሱ ሣር ነው የሚገድለው፣ ንብ አይነካም" አለኝ። መምህር፣ ምን ልመልስለት?

---

መምህር ዘአራት ኪሎ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡15

የሚረጨው ግላይፎሴት ያለበት ከሆነ፣ እውነት ነው፣ ንቧን እንደ ፍሊት ወዲያው ጥሎ አይገድላትም። ጉዳቱ በባክቴሪያው በኩል ነው የሚመጣው። ግላይፎሴት የሚሠራው ዕፅዋት አንዳንድ አሚኖ አሲዶችን የሚሠሩበትን መንገድ በመዝጋት ነው። ይሄ መንገድ እንስሳት ውስጥ የለም። ብዙ ባክቴሪያዎች ውስጥ ግን አለ። በ2018 እ.ኤ.አ. ኤሪክ ሞታ፣ ካሲ ሬይማንና ናንሲ ሞራን ያሳተሙት ጥናት ግላይፎሴት የቀመሱ ንቦች ላይ በተለይ ስኖድግራሴላ እንደሚቀንስ አሳየ። ከዚያ ሴራሺያ የሚባል በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሲሰጣቸው ካልቀመሱት የበለጠ ሞቱ።

አንቲባዮቲክም እንዲሁ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ቴትራሳይክሊን የተሰጣቸው ንቦች ወደ ቀፏቸው ተመልሰው ሲቆጠሩ፣ ካልወሰዱት ጋር ሲነጻጸር በሕይወት የተገኙት በጣም ያነሱ ነበሩ። መድኃኒቱ ራሱ ንቧን አልመረዛትም። ጠባቂዎቿን ነው የወሰደባት። ባምብልቢ ላይ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ በ2011 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል፦ ከእህቶቻቸው ባክቴሪያ ያልደረሳቸው ንቦች ክሪቲዲያ ለሚባል የአንጀት ጥገኛ ተጋላጭ ሆኑ፤ የደረሳቸው ተከላከሉት። ባምብልቢ እኛ አገር በተፈጥሮ የለችም፤ የአሠራሩ መርህ ግን ለእኛም ያስተምረናል።

ለአትክልተኛው እንዲህ በዪው፦ ንቧ ዛሬ አትሞትም፣ በሽታ ሲመጣ ግን መከላከያዋ ይዳከማል። የአጥሩን ጥግ አረም በእጅ ይንቀለው፣ ወይ በማጭድ ይጨደው።

---

ዳዊት ካዛንቺስ | ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡30

ይሄን ክር ለባለቤቴም አነበብኩላት። የእኛም ግቢ አረም ማጥፊያ ይጠቀማል፤ ዛሬ ላናግራቸው ነው። ጋሼ፣ የሚያነሳው ሰው ሲመጣ ሕፃናት ያሉበት ቤት ምን መጠንቀቅ አለበት? የአምስት ኪሎዋ እህቴ ግቢም ልጆች ስላሉ ነው።

---

ጋሽ ቀፎ | ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡00

ተባረክ። ሥራው ወደ ማታ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይሁን። ቀሳሚዎቹ ያን ጊዜ ተመልሰው ይገባሉ፣ ቤተሰቡ ሳይከፋፈል ይነሳል። ልጆቹና አለርጂ ያለበት ሰው በዚያ ምሽት ሌላ ቦታ ይደሩ። የታሰረ ውሻም ካለ ይነሳ፤ ታስሮ ከተነደፈ ማምለጫ የለውም። በር መስኮት ይዘጋ፣ የውጭ መብራት ይጥፋ።

አናቢው ጭስ ያጨሳል፤ እሳት እንዳይፈነጥቅ ውሃ በባልዲ አጠገቡ ይቁም። ከዚያ ድንጋዩን ፈልቅቆ እጭ ያለበትን ሰፈፍ ቆርጦ ዘመናዊ ቀፎ ፍሬም ላይ ያስራል። ንግሥቷን ካገኘ ግማሽ ሥራው አለቀ። እጩን፣ ወጣቱንና አሮጌውን ንብ አንድ ላይ ይዞ መሄድ አለበት። "ንግሥቷንና ጥቂት ንብ ልውሰድ፣ የቀረው ይሙት" የሚል ቢመጣ አትቀበሉት። መምህር ያለው ቅብብል እንዳይቋረጥ አሮጌዎቹ ያስፈልጋሉ። ክረምቱ ሳይገባ ይሁን፤ በዝናብ ወቅት አበባ ስለሚያንስ አዲስ ቦታ ላይ ይራባሉ።

---

የአምስት ኪሎ ልጅ | ረቡዕ፣ ቀትር 6፡20

ጋሼ፣ ይኑሩልን። የመጨረሻ ሁለት ጥያቄ። መንጋው ከሄደ በኋላ አጥሩ ጥግ ላይ ምን ልትከል? ግድግዳውስ ምን ይደረግ?

---

ጋሽ ቀፎ | ረቡዕ፣ ማታ 12፡40

ከአጥሩ ጀምሪ። ግራዋ ትከይ፤ ንብ በጣም ይወዳታል፣ ለጓዳም ትሆናለች። አደይ አበባ ዘሯ መሬት ላይ ካለ ክረምቱን ሳትኮተኩቺ ተዪያት፤ መስከረም ላይ ራሷ ታብባለች። ትንሽ ባዶ አፈርም ሳታነጥፊ አስቀሪ። ብቻቸውን ከሚኖሩት ውስጥ መሬት የሚቆፍሩ ብዙ ናቸው፤ ሲሚንቶ ከበዛ ቤት ያጣሉ። እነሱ ደግሞ መንጋ የሚጠብቁ አይደሉምና ለሰው ብዙም አያሰጉም።

ግድግዳውን በተመለከተ፣ የቀረውን ሰፈፍና ሰም ጠርጎ ማውጣት ነው። ቀዳዳውን በደንብ ድፈኑት፤ ጭቃ አይበቃም፣ በሲሚንቶ ይሁን። ሰሙ ሲሸታው ሌላ መንጋ መጥቶ ይገባበታል።